እናቴ የሸፈነችው ድምፅ

በእኛ ቤት ትልቅ ሰውን ሆዱ ሲያሳፍረው በርጩማ ይጎተት ነበር።

ነገሩን በስሙ ልጥራው፤ ካልጠራሁት የምጽፈው ሁሉ አይገባም። ፈስ ማለቴ ነው። በቋሪት ደጋ፣ እኔ ባደግሁበት መንደር፣ ሰው ፊት ያመለጠው ሰው አገር ጥሎ ጠፋ እየተባለ ይወራል። ስለዚህ መሸፈኛ ተበጅቶለታል። አጠገቡ ያለው ሰው በርጩማውን መሬት ለመሬት ይጎትታል። በርጩማ ከሌለ ድመቷን "ሂጅ ወዲያ" ይላታል፤ ድመትም ከሌለች ያስላል። ይህ ሁሉ ካልደረሰ ደግሞ ታናሹ ይወስድለታል፤ ልጅ ለአባቱ፣ ሚስት ለባሏ። "ይቅር በሉኝ፣ እኔ ነኝ" ይላል የወሰደው፤ ቤቱም አልሰማሁም ብሎ ጨዋታውን ይቀጥላል።

አባቴ ቄስ ናቸው። እናቴ ለእርሳቸው ስትወስድላቸው ኖራለች። ልጅ ሆኜ እናቴ ሆዷ የማያርፍ ሴት ትመስለኝ ነበር። መጠርጠር የጀመርሁት አድጌ ነው። ከጠረጠርሁም በኋላ ግን አንድ ቀን እንኳ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም፤ ሽፋኑ የተበጀው ማንም እንዳያውቅ ነውና።

ትምህርት የጀመርሁት ዘግይቼ ነው። በልጅነቴ ዳሩኝ፤ ትዳሩ ሲፈርስ ፍኖተ ሰላም ገባሁና ልብስ ስፌት ለመድሁ። ቀን ቀን የስፌት መኪናዬ ላይ እውላለሁ፣ ከዚያ ደብተሬን ይዤ የማታ ትምህርት እገባለሁ። ይህ የምተርከው የሆነው ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። በሳይንስ መጽሐፋችን "ሥርዓተ ልመት" የሚል ምዕራፍ ላይ ደርሰን ነበር። ቃሉን ወደድሁት፤ ዱቄት ላመ ሲባል ከወፍጮ ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምዕራፉ ግን አልገባ አለኝ።

ያልገባኝ ምንም ስለማላውቅ አልነበረም። በቤታችን በግ ሲታረድ ሆድ ዕቃውን የማጥብ እኔ ነበርሁ። ጨጓራውን፣ ደንዳኔውን፣ እንደ መጽሐፍ ቅጠል የተደራረበውን ሽንፍላ እጥፍ በእጥፍ ገልጬ አጥባለሁ፤ አንድ እጥፍ ሳይታጠብ ከቀረ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታዲያ መምህሩ የሰውን ሆድ ሠሌዳው ላይ ሲሥል አስተዋልሁና እጄን አወጣሁ።

"ሽንፍላው የት አለ?"

መምህሩ በዕድሜ ታናሼ ነው። "እትዬ፣ ሰው እኮ አያመሰኳም" አለኝ።

ክፍሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ሆዴ ውስጥ አለ ብዬ የማስበው ነገር ባንድ አፍታ ተወሰደብኝና ቦታው ባዶ ሆነብኝ።

ከሽንፍላውም የባሰ ነበረ። መጽሐፉ የላመው ምግብ በቀጭኑ አንጀት ግድግዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል ይላል። የበግ አንጀት ውኃ ሞልቼ አጥቤ አውቃለሁ፤ ጫፍና ጫፉን ከያዙት አያፈስም። የማያፈስ ነገር እንዴት ያሳልፋል? መምህሩን ጠየቅሁት። "በጣም ደቃቅ ስለሚሆን ነው" አለኝ። ውኃስ ደቃቅ አይደለም ወይ ልለው ነበር፤ ደወሉ ተደወለ።

ምዕራፉን ሳልጨርስ አባቴ ታመሙ።

ሁዳዴ ተፈትቶ የፋሲካ ሳምንት ነበር። የንስሐ አባት የሆነ ቄስ በዚያ ሳምንት ቤቱ አይውልም። የንስሐ ልጆቹ ተራ በተራ ይጠሩታል፤ ዳቦውን ይባርካል፤ ባርኮ ካልቀመሰ ደግሞ ቤቱን እንደናቀ ይቆጠርበታል። አባቴ በጾሙ ከቅዳሴ በኋላ ጥቂት ቀምሰው የሚያድሩ ሰው ናቸው። በፋሲካው ሳምንት ግን በሄዱበት ሁሉ ጎረሱ። ከአንዱ ቤት ሲመለሱ ሆዳቸውን ይዘው አጥር ሥር ተቀመጡ። ሆዳቸው ተነፋ፤ ወደ ላይ አስመለሳቸው፤ ወደ ታች ግን ምንም የለም። አንዱ ጎረቤት ተልባ በጠበጠ፣ ሌላው ጠበል አመጣ። ሲብስባቸው ወንድሜና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው መኪና መንገድ አወጧቸው፤ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል በር ላይ የተቀበልኋቸው እኔ ነኝ። ወንድሜ ለከብቶቹ ተመለሰ፤ እናቴ ቀረች።

ሐኪሙ ቀዶ ሕክምናውን ጨርሶ እናቴንና እኔን ኮሪደር ላይ ጠራን። ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ነው።

"ቀጭኑ አንጀት ተጠማዝዞ ነበር" አለን። "ሆድ ሲጾም ቆይቶ ባንዴ ሲሞላ እንዲህ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ደም አጥቶ የሞተውን ቆርጠን አወጣን፤ ጤነኛውን ከጤነኛው ጋር ሰፋን።"

"አንጀት ተቆርጦ ሰው ይኖራል?" አለች እናቴ።

"አንጀት ረጅም ነው እናቴ። የቀረው ይለምድና ይበቃቸዋል።"

እኔ "ሰፋን" ያለው ቃል ላይ ቀርቻለሁ። ሥራዬ ስፌት ነው። የቱንም ያህል ክሩን ባጠብቀው፣ የሰፋሁት ነገር ውኃ ይዞልኝ አያውቅም።

"ስፌቱ ውኃ ይይዛል?" አልሁት።

ፊቴን አየት አደረገ። "ጊዜ ከሰጠነው ይገጥማል። ለዚህ ነው አሁን በአፍ ምንም የማይገባው። አንጀት ሲነኩት ይተኛል። መንቃቱን የምናውቀው ፈስ ሲያወጣ ነው። ያን ጊዜ ውኃ እናስጀምራቸዋለን። ካላወጣ ግን መንገዱን የዘጋው ነገር አለ ማለት ነውና ሌላ ነገር እናስባለን። ጠይቃችሁ ንገሩን።"

ሐኪሙ ሲሄድ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ይህን ለእሳቸው እንዳትነግሪ" አለችኝ።

"የቱን?"

"ሁሉንም። በሽተኛን አያስደነግጡም።"

እንዲህም ሆነ። አባቴ የሆዳቸው ነገር ተነግሯቸው ሳያውቁ፣ አፍንጫቸው ላይ ቀጭን ቱቦ፣ ክንዳቸው ላይ የግሉኮስ መርፌ ተሰክቶ ተኙ። መስቀላቸው ትራሳቸው ሥር ነበረ። ሲነቁ መጀመሪያ የተመለከቱት ከላይ የተንጠለጠለውን ግሉኮስ ነው።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ምግብ ነው አባዬ።"

"ሳይታኘክ?"

"በቀጥታ ደም ውስጥ ነው የሚገባ።"

ብዙ አሰቡበት። እኔም አሰብሁበት። መጽሐፉ ያን ሁሉ ገጽ የፈጀበትን መንገድ፣ ከጥርስ እስከ አንጀት ግድግዳ፣ ይህ ፕላስቲክ በአንድ መርፌ ዘልሎት ነበር። እንዲህ ከሆነ ሆድ ለምን ተፈጠረ? ሐኪሙን ባገኘው ልጠይቀው አሰብሁ፤ ሳገኘው ግን አፈርሁ።

ከአባቴ ቀጥሎ ያለው አልጋ ላይ የቡሬ በቆሎ ነጋዴ ተኝቷል። ትርፍ አንጀቱን ያወጡለት ወፍራም፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ነርሷ መዝገቧን ይዛ ገባችና ከበሩ ጀምራ ጠየቀች፤ ድምጿ ደግሞ ክፍሉን ሁሉ ይዳረሳል።

"አባ፣ ፈስ ወጣ?"

አባቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። የክፍሉ በሽተኞች ከሌሊቱ ጀምሮ መስቀላቸውን ሲሳለሙ ያደሩ ናቸው። "የለም" አሉ፤ ድምፃቸው የሚሰማ አልነበረም።

"እርስዎስ ጋሼ?"

"ወጥቷል፣ ወጥቷል" አለ ነጋዴው። "ካመንሽኝ ጻፊው፣ ካላመንሽኝ ደግሞ ቆይተሽ ስሚ።"

ለእርሱ ሾርባ መጣለት። ማንኪያውን አንሥቶ ወደ አባቴ ዘንበል አለ።

"አባ፣ እዚህ ቤት እህል የሚገኝ በፈስ ነው። ይማሩና ይናገሩ።"

 እናቴ ነጋዴውን አየችው፤ እንደዚያ ያየችው ሰው በሰፈራችን ቢሆን ኖሮ ለሳምንት ቤታችን አይመጣም። እርሱ ግን ሾርባውን እየነፋ ጠጣ።

በማግስቱም ጥያቄው ያው፣ መልሱም ያው ሆነ። አባቴ እየከሱ፣ ሆዳቸው ግን እንደተነፋ ነበር። ከሰዓት በኋላ የጥየቃ ሰዓት ሲደርስ ከቋሪት የንስሐ ልጆቻቸው መጡ። አልጋውን ዙሪያውን ከበው ቆሙ። አባቴ መስቀላቸውን ከትራሱ ሥር አወጡና ጸሎት ጀመሩ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ነጋዴው እንኳ ጋቢውን ከራሱ አወረደ። እኔ ከአልጋው ግርጌ የወደቀ የውኃ ላስቲክ ላነሣ አጎንብሼ ነበር።

በዚያ ጸጥታ መካከል ድምፅ ተሰማ።

ረጅም አልነበረም። ግን ነበረ። ቀና ሳልል እናቴ የብረት ወንበሩን በሲሚንቶው ላይ ጎተተችው፤ የጥርስ ቁርጥማት የሚያስነሣ ድምፅ አወጣ። ቢሆንም ዘግይታለች። ይህን ስታውቅ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበችና "ይቅር በሉኝ፣ እኔ ነኝ፤ ሆዴን ብርድ መቶኛል" አለች።

ሰዎቹ ጣሪያውን አዩ። አባቴ የጀመሩትን ጸሎት ሳያቋርጡ ፈጸሙ። ፊታቸው ላይ ምንም የለም፤ ሲጸልዩ ፊታቸው ላይ ምንም ኖሮ አያውቅም።

በሦስተኛው ጠዋት ሐኪሙ ራሱ መጣ። ሆዳቸውን ጫን ጫን አደረገ፤ ማዳመጫውን አድርጎ ሰማ። ነርሷ "አላወጡም" አለችው። እንደ ልማዱ እናቴንና እኔን ወደ ኮሪደር ጠራን።

"ትንሽ ትንሽ ይሰማል፤ አላረካኝም" አለ። "ሆዱ እንደተነፋ ነው። እስከ ነገ ጠዋት ካላወጡ ወደ ባሕር ዳር እንልካቸዋለን። ምናልባት እንደገና ሊከፈት ይችላል።"

"በዚያ ሰውነታቸው?" አልሁ።

"ደስ ብሎኝ አይደለም" አለኝና ወደ ሌላ በሽተኛ ሄደ።

እናቴን ክንዷን ይዤ ወደ ግቢው አወጣኋት። ቧንቧው አጠገብ፣ ልብስ የሚያጥቡ አስታማሚዎች ከሚቀመጡበት ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

"እማ፣ የትናንቱ ድምፅ።"

"የቱ?"

"ወንበር የጎተትሽበት።"

"እኔ ነኝ አልሁ አይደል?"

"እውነት አንቺ ነሽ?"

"ሰው ፊት ያልሁትን አልመልሰውም።"

"እማ፣ እንደገና ሊከፍቷቸው ነው እኮ። አባዬ ከሆኑ አንድ ቃል ነው የሚያድናቸው።"

እናቴ መዳፏን ለቧንቧው ጠብታ ዘረጋች። "የንስሐ ልጆቻቸው ቆመው፣ መስቀሉ በእጃቸው ሆኖ፣ ጸሎት መካከል" አለች። "እንዲያ ሆነ ብዬ እኔ ልናገር? ሳይሞቱ ልቀብራቸው ነው?"

"አባዬ ነበሩ ማለትሽ ነው እንግዲህ።"

"አላልሁም።" ወደ እኔ ዞረች። "ብርድ መቶኝም ነበር። ያ ከበር የምታመጭው ሽሮ አልተስማማኝም።"

ይህን ስትል ዓይኗን አየሁት። ከእናቴ ዓይን ግን ያልፈቀደችው ነገር አይወጣም።

ብቻዬን ቀረሁና ማሰብ ጀመርሁ። ለሐኪሙ ሄጄ አባቴ ናቸው ልበለው? አላየሁም። ከግርጌ አጎንብሼ ነበር፤ ድምፁ ከአልጋው በላይ ይምጣ፣ ከወንበሩ በኩል ይምጣ መለየት አልቻልሁም። የእናቴን ለአባቴ ሰጥቼ ብሳሳትስ? አንጀቱ ሳይነቃ ውኃ ቢያስገቡበት፣ ያ ስፌት ቢለቅስ? ዝም ብዬ ደግሞ የእርሳቸው ከነበረ፣ ደኅና የተኛን ሰው በከንቱ ሊቀድዱ ነው። እኔ ጉልበቱ ላይ በአንድ ጣት የተዛነፈ ቀሚስ ፈትቼ እንደገና የምሰፋ ሰው ነኝ። በዚህ ነገር ግን የምለካበት አጣሁ።

ከሰዓት በኋላ እናቴ ልብስ ልታመጣ ወደ ቤቴ ሄደች። እኔ ወንበሩ ላይ ተቀምጬ የሳይንስ መጽሐፌን ከፈትሁ። ላነብበው አልነበረም፤ እጄን የማስቀምጥበት አጥቼ ነው። ነጋዴው ጋቢውን እስከ ራሱ ተከናንቦ ተኝቷል።

"ምንድን ነው የምታይው?" አሉ አባቴ።

"የትምህርት ነው አባዬ። ስለ ሆድ።"

"አንብቢልኝ።"

አነበብሁላቸው። አባቴ ንባብ የሚሰሙት እንደ ትርጓሜ ቤት ነው፤ ዝም ብሎ ማለፍ የለም፤ በየቃሉ "እዚያ ላይ ቁሚ" ይላሉ። ምራቅ ከምግቡ ጋር ተደባልቆ ስታርቹን ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል የሚለው ጋ አቆሙኝ።

"ዳቦ ረዘም አድርገው ሲያኝኩት የሚጥመው ለዚህ ነው?"

"ሳይሆን አይቀርም።"

"ቀጥይ።"

ጨጓራ አሲድ አመንጭቶ ምግቡን እያሸ ያልመዋል። ከጉበት ሐሞት፣ ከቆሽትም ሌላ ፈሳሽ ይመጣና ቀጭኑ አንጀት ውስጥ ስቡን ያሟሟል፣ የቀረውንም ይሰባብራል። ይህን ሳነብ እጃቸውን ሆዳቸው ላይ ባለው ፋሻ ላይ አሳረፉ።

"ይህን ነው የቆረጡብኝ?"

ማንም አልነገራቸውም፤ ግን ያውቁ ኖሯል። "ጥቂቱን ነው አባዬ። የቀረው ይበቃል ብለዋል።"

"ቀጥይ።"

ግድግዳው ላይ ጣት የሚመስሉ፣ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን እጥፎች አሉ፤ የላመው ምግብ በእነርሱ በኩል ይመጠጥና ወደ ደም ያልፋል። እዚህ ላይ እኔ ራሴ ቆምሁ።

"ይህ አይገባኝም" አልኋቸው። "ቀዳዳ የለውም እኮ። ስንት ጊዜ አነበብሁት። እንዴት ያልፋል?"

"ላብስ በየት በኩል ይወጣል?" አሉኝ። ከዚያ ራሳቸው ተጠራጠሩ። "እርሱም ቢሆን አይታወቅም። እስቲ ቆይ፤ ግድግዳውን እስኪያልፍ ድረስ የበላሁት ገና እኔ ውስጥ አልገባም ማለት ነው?"

እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም ነበር። "ይመስለኛል" አልሁ። "መንገድ ላይ ነው ያለው።"

"ጎተራ እንዳለ እህል" አሉ። "የራስ ነው፤ ግን ገና አልተበላም።"

ከዚያ በኋላ ያለውን አንቀጽ ዓይኔ ቀድሞ አየው። ድምፄ ወረደ። በደንዳኔ ውስጥ የሚኖሩ ደቂቅ ነፍሳት ሳይልም የቀረውን ይበሉታል፤ ሲበሉትም አየር ይፈጠራል፤ አየሩም ይወጣል። በፍጥነት አንብቤ ገጹን ልገልጥ ስል እጃቸውን አነሡ።

"ድገሚው።"

ደገምሁት። ፊቴ ነደደ።

"ይህ ለሁሉ ሰው ነው የሚል?"

"ለሁሉም።"

"ለጳጳስም?"

"መጽሐፉ ጳጳስ አይልም አባዬ። ሰው ነው የሚል።"

የነጋዴው ጋቢ ተንቀጠቀጠ፤ ግን ድምፅ አልወጣውም።

አባቴ ወደ ግሉኮሱ ቀና አሉ። "ያቺ ልጅ በየጠዋቱ የምትጠይቀኝ" አሉ፣ "እኔ ለአልጋው ንጽሕና መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ እየሰማ እንዳፍር ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ተቀይሜያትም ነበር።"

"አይደለም አባዬ። አንጀቱ መንቃቱን የሚያውቁበት ነው። ካልወጣ መንገዱ ተዘግቷል ብለው ይሠጋሉ።" እናቴ የከለከለችኝን እዚያው ነገርኋቸው። "ነገ ጠዋት ወደ ባሕር ዳር ሊልኩዎት ነው። እንደገና ሊከፍቱም ይችላሉ።"

"እናትሽ ታውቃለች?"

"ታውቃለች።"

"የትናንቱንስ ምን አለች?"

"እኔ ነኝ ብላለች። ዛሬም ጠይቄያት ያንኑ አለች።"

 መስቀላቸውን ከትራሱ ሥር አውጥተው ዳበሱትና መለሱት።

"እናትሽ" አሉ፣ "በሕይወቷ ከዚህ ሌላ ዋሽታ አታውቅም። ጥሪያት ያቺን ልጅ።"

ነርሷን ጠርቼ መጣሁ። አልጋው አጠገብ ስትቆም አባቴ አፋቸውን ከፈቱና ዘጉት። እንደገና ሞከሩ። "ልጄ ትንገርሽ" ብለው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

"ትናንት ከሰዓት በኋላ ወጥቷል" አልሁ።

"እርግጠኛ ነሽ?" አለች ነርሷ። "ባለቤታቸው እኔ ነኝ አሉ ሲባል ሰምቻለሁ።"

እርግጠኛ ነኝ ልላት አልቻልሁም። ነጋዴው ጋቢውን ገለጠ።

"እኔ ምስክር ነኝ እቱ" አለ። "ከወዲህ፣ ከአልጋው በኩል ነው የመጣው፤ ከሴትዮዋ በኩል አይዶለም።"

"ታዲያ እስካሁን ለምን ዝም አሉ?"

"የቄስ ነገር ነዋ። ነግሬ ልረገም?"

አባቴ ከግድግዳው ሳይዞሩ "አልረግምህም" አሉት።

ሐኪሙ ተጠርቶ መጣ። ማዳመጫውን እዚህም እዚያም እያደረገ ረዥም ጊዜ ሰማ። ጠዋት ካደመጠው በላይ አደመጠ። ቀና ሲል ፊቱ ተለውጦ ነበር። "አሁን በደንብ ይሰማል" አለ። "ውኃ በማንኪያ እንጀምር። ሲስማማቸው እናያለን። የነገውን መንገድ ለጊዜው እንተወው።"

እናቴ ልብሱን በዘንቢል ይዛ ስትመጣ እኔ ለአባቴ ውኃ በማንኪያ ሳጠጣ አገኘችን። በሩ ላይ ቆመች። እኔን አየች፣ አባቴን አየች፣ ነጋዴውን አየች።  ዘንቢሉን አስቀምጣ ልብሱን አንድ በአንድ አውጥታ ታጥፎ የመጣውን እንደገና ማጠፍ ጀመረች።

አባቴ አንዷን ማንኪያ ሲውጡ ጉሮሯቸውን እከተል ነበር። አሁን ጨጓራ ደረሰ። አሁን ስፌቱ ጋ ነው። ውኃው የት እንዳለ በዓይኔ የማየው ይመስል ፋሻው ላይ አፈጠጥሁ። ምንም አልሆነም። ሁለተኛዋን ማንኪያ ጠየቁኝ።

ከዚያ ውኃው አጥሚት ሆነ፣ አጥሚቱ ገንፎ ሆነ። ከሆስፒታል ሲወጡ ሐኪሙ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ እንዲበሉ አዘዛቸው፤ የንስሐ ልጅ ቤት ሲጠሩም ባርከው ዳቦውን ወደ ቤት እንዲያስልኩ ነገራቸው። አባቴ ይህን ሲሰሙ አንጀታቸው መቆረጡን ከሰሙበት ቀን ይልቅ አዘኑ። እስኪጠኑ ድረስ ፍኖተ ሰላም፣ እኔ ቤት ቆዩ።

እናቴ የተቆጣችኝ እዚያ ነው። አባቴ ተኝተው ሳለ ሽንኩርት እየላጥን ነበር።

"እኔ ነበርሁ" አለችኝ፣ ከሽንኩርቱ ዓይኗን ሳታነሣ።

"ምኑን?"

"የሆስፒታሉን።"

"እማ፣ አባዬ እኮ ራሳቸው አምነዋል። ነጋዴውም መስክሯል።"

"አባትሽ እኔን ለመሸፈን ነው። ሰው ፊት የተዋረድሁ መስሏቸው አሳዘንኋቸው። ያ የቡሬ ሰውዬ ደግሞ ቁም ነገር ያወራል?"

"ሐኪሙስ? ራሱ ሰምቶ ነው ያስጀመራቸው።"

"እሱ የሰማው የዚያን ቀኑን ነው። ስለ ፊተኛው ቀን ምን ያውቃል?"

 የላጥሁትን ሽንኩርት አስቀምጬ ነገሩን ከመጀመሪያው እንደገና ሄድሁበት። አባቴ ነኝ አላሉም፤ "እናትሽ ከዚህ ሌላ ዋሽታ አታውቅም" ነው ያሉት፣ ከዚያ "ልጄ ትንገርሽ"። የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አላየሁም። ነጋዴው እንዳይራቡ ብሎ ይሁን፣ ሰምቶ ይሁን፣ አሁን ቡሬ በቆሎው መካከል ነው። እርግጡ አንድ ብቻ ነው፤ አባቴ በሉ፣ የበሉትም ግድግዳውን አለፈ። እንዴት እንዳለፈ ግን አልገባኝም።

አባቴ ሊሄዱ ሲሉ ጎረቤቶቼ ሊሰናበቷቸው መጡ። ቤቴ ጠባብ ነው፤ ሁላችንም ጉልበት ለጉልበት ተቀምጠናል። አባቴ መስቀላቸውን አውጥተው መባረክ ጀመሩ። እናቴ ከጎናቸው በርጩማ ላይ፣ እኔ ከእናቴ ቀጥሎ ነኝ። ገንፎው ገና መበላቱ ነበር።

ተሰማ። ትንሽ ነው፤ ግን ሁላችንም ሰማን።

እናቴ እጇን ወደ በርጩማው ጠርዝ ሰደደች። ግን ሳትጎትተው አባቴ ቀደሟት።

"ይቅር በሉኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን ሳይቀንሱ። "እኔ ነኝ።"

ጎረቤቶቼ ጣሪያውን አዩ። እናቴ እጇ በርጩማው ላይ እንዳለ ቀረች፤ ዓይኗን ወደ መሬት ሰበረች፤ አንገቷ ድረስ ቀላች። አባቴ ቡራኬያቸውን ቀጠሉ። እኔ አንዴ እናቴን፣ አንዴ አባቴን አየሁ። ጆሮዬ ያን ያህል ቅርብ ሆኖ፣ የማን እንደነበረ ዛሬም አላውቅም።